ዶክተር ማየርስ ለኮምፒውተሩ የነገሩት፣ ያልነገሩትም

በ1982 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ የተሠራ የአንድ ኮምፒውተር ፕሮግራም የፈተና ውጤት ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። ከሕመም ምልክቶች ተነሥቶ በሽታውን እንዲለይ የተሠራው ይህ ፕሮግራም ኢንተርኒስት-1 ይባላል። የተፈተነበት ጥያቄ ደግሞ ማንም ተራ ሐኪም የሚደፍረው ዓይነት አልነበረም። ቦስተን የሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞቹን ያስጨነቁ ሕሙማንን ታሪክ እየመረጠ የማሳተም የቆየ ልማድ አለው። ታሪኩ ይቀርባል፣ አንድ የተጋበዘ ሊቅ እያገላበጠ ይተነትነዋል፣ ግምቱንም ይሰጣል። በመጨረሻም አስከሬኑን ወይም የተወሰደውን ናሙና የመረመረው ፓቶሎጂስት ይነሣና እውነቱን ይናገራል። ሊቁ በአደባባይ የሚከብርበት ወይም የሚያፍርበት መድረክ ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች 19ኙ ለኮምፒውተሩ ተሰጡት። በ19ኙ ሕሙማን ላይ በድምሩ 43 የተረጋገጡ በሽታዎች ነበሩ። ኮምፒውተሩ 25ቱን አገኘ። ሕሙማኑን ያከሙት የሆስፒታሉ ሐኪሞች 28ቱን፣ ትንታኔ ያቀረቡት ሊቃውንት ደግሞ 35ቱን አግኝተው ነበር።

በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ያን ያህል መቅረቡ ያስደንቃል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ሠሪዎቹ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ያሰፈሩት የጉድለት ዝርዝር ነው። ፕሮግራማቸው የወደቀው ስለ በሽታዎች የሚያውቀው ነገር ስላነሰው አልነበረም። በዕውቀት ብዛት ቢሆን ኖሮ ከአብዛኞቹ ሐኪሞች ጋር አፍ ለአፍ መግጠም ይችል ነበር። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ሌላ ነገር ለማየት ዕውቀቱን ወደሰጡት ወደ ዶክተር ማየርስ መመለስ ያስፈልጋል።

ዶክተር ጃክ ማየርስ ከ1955 እስከ 1970 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲን የውስጥ ደዌ ትምህርት ክፍል የመሩ፣ በምርመራ ችሎታቸው በመላ አገሪቱ ስማቸው የሚነሣ ሐኪም ነበሩ። ኃላፊነታቸውን ሲለቁ ጡረታ ወጥተው ማረፍ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የውስጥ ደዌ ዕውቀት ከአንድ ሰው ራስ በላይ እየሰፋ ስለ ሄደ ኮምፒውተር ሊያግዝ ይገባል ብለው ተነሡ። ሃሪ ፖፕል ከሚባል የኮምፒውተር ተመራማሪ ጋር ገጠሙ። ማየርስ ያስባሉ፤ ፖፕል የሚያስቡበትን መንገድ ወደ ፕሮግራም ይለውጣል። ቆይቶም ራንዶልፍ ሚለር የተባለ የሕክምና ተማሪ ተጨመረ፤ በኋላ ሥራውን ወደፊት ከገፉት ሰዎች ዋነኛው እሱ ሆነ።

ዕውቀቱ የገባበት መንገድ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እዚያው ነው ያለው። አንድ ተማሪ አንድ በሽታ ይሰጠዋል። ስለዚያ በሽታ የተጻፉ ጥናቶችን ሰብስቦ ለሳምንታት ያነባል። በበሽታው የተያዘ ሰው የሚያሳያቸውን ምልክቶች፣ የላቦራቶሪና የራጅ ውጤቶች ሳይቀሩ፣ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ለእያንዳንዱም ሁለት ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያው፣ ይህ ምልክት ሲታይ ያ በሽታ ምን ያህል ወደ አእምሮ ይመጣል የሚለው ሲሆን ከ0 እስከ 5 ይደርሳል። ሁለተኛው፣ በሽታው ያለበት ሰው ምልክቱን ምን ያህል ጊዜ ያሳያል የሚለው ሲሆን ከ1 እስከ 5 ነው። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ከእኛው አገር ምሳሌ ማየት ይቻላል፤ ወባ የያዘው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ያተኩሰዋል፣ ያተኮሰው ሁሉ ግን ወባ የለበትም። ከዚህ ሌላ ምልክቱ ራሱ የክብደት ቁጥር አለው። ራስ ምታት ሳይብራራ ቢታለፍ ያን ያህል አያሳስብም፤ ደም ማስታወክ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ዝርዝሩ ተጽፎ ሲያልቅ ከማየርስና ከባልደረቦቻቸው ፊት ይቀርባል። እዚያ ክርክር ይነሣል። ጽሑፎቹ እንዲህ ይላሉ፣ ማየርስ በሕይወታቸው ያዩት ግን እንዲያ ነው። ቁጥሩ ይታረማል። ከዚያ ለሙከራ ሕሙማን ይሰጡትና ፕሮግራሙ ሲሳሳት እንደገና ይታረማል። በ1982 በዚህ መንገድ ከ500 በላይ በሽታዎችና 3,550 ያህል ምልክቶች ገብተው ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራው ከ15 ዓመት በላይ የሚወስድ ልፋት ፈሶበታል።

አሠራሩ፣ ዛሬ ሲታይ፣ የሒሳብ መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሕመምተኛው ምልክቶች ሲገቡ እያንዳንዱ በሽታ ነጥብ ያገኛል፣ ነጥብ ይቀነስበታል። ወደ አእምሮ የሚያመጡት ምልክቶች ካሉ ይጨመርለታል። ሊኖሩ ይገባ የነበሩ ምልክቶች ከሌሉ ይቀነስበታል። ሊያብራራቸው የማይችል ከባድ ምልክት ካለም ይቀነስበታል። ሠሪዎቹ በዚህ ላይ አንድ ብልሃት ጨምረውበታል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። አንድ ሰው ሁለትና ሦስት በሽታ በአንድ ጊዜ ሊይዘው ስለሚችል፣ ሁሉንም በሽታዎች በአንድ ሰልፍ አቁሞ ማወዳደር ያሳስታል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ተፎካካሪ የሚያደርገው፣ ሁለቱ ተጣምረው አንዱ ብቻውን ከሚያብራራው የበለጠ ነገር የማያብራሩ በሽታዎችን ብቻ ነው። ተጣምረው የበለጠ የሚያብራሩ ከሆነ ግን አብረው ሊኖሩ ይችላሉና አያጣላቸውም። ይህ በእርግጥም የአንድ በሳል ሐኪም አካሄድ ነው፤ ወደ ኮምፒውተር መግባትም ችሏል።

ታዲያ ያልገባው ምንድን ነው?

አንደኛው አካል ነው። የሰውነት ክፍሎች የት እንደሚገኙ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጎራበት ፕሮግራሙ ምንም አያውቅም። ቆሽት፣ የሐሞት ቱቦና ጉበት ለእሱ ቃላት ናቸው። አንድ የሕክምና ተማሪ የቆሽት ራስ ላይ የበቀለ ዕጢ የሐሞት ቱቦን ሊዘጋ እንደሚችል ማንም ሳይነግረው ሊደርስበት ይችላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን መሆናቸውን በገዛ ዓይኑ አይቷልና። ዕጢው ቱቦውን ሲጫን ሐሞት ይጠራቀማል፣ የሕመምተኛው ዓይን ቢጫ ይሆናል። ኢንተርኒስት-1 ግን ቢጫነትን ከቆሽት ካንሰር ጋር የሚያያይዘው አንድ ሰው ቀድሞ ቁጥር ጽፎ ካገናኛቸው ብቻ ነው። ማንም ያልጻፈው ጉርብትና በእሱ ዓለም ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ትኩሳቱ ቀደመ ወይስ ሽፍታው? እብጠቱ የጀመረው መድኃኒቱን ከመውሰዷ በፊት ነው ወይስ ከወሰደች በኋላ? ሐኪም ታሪክ የሚወስደው እንደ ታሪክ፣ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው ነገር አድርጎ ነው። ፕሮግራሙ ዘንድ ሁሉም ነገር በአንድ ቅጽበት የሆነ ይመስል በአንድ ላይ ተደፍቶ ይቀርባል። ሦስተኛው ምልክትን ለማይገባው በሽታ ማስረከብ ነው። ፕሮግራሙ አንድ በሽታ ተረጋገጠ ብሎ ሲወስን፣ ያ በሽታ ሊያብራራቸው የሚችላቸውን ምልክቶች ሁሉ ከጠረጴዛው ላይ ያነሣቸዋል። ቀጥሎ የሚመጣው በሽታ እውነተኛ ባለቤታቸው ቢሆንም ከእንግዲህ አያገኛቸውም። ሠሪዎቹ በጽሑፋቸው አስተሳሰቡን ማስረዳት አለመቻሉንም ጨምረዋል። ምን በሽታ እንደሆነ ይነግራል፤ ለምን እንደዚያ እንዳለ ሲጠየቅ ግን ከነጥብ በቀር የሚያወጣው ነገር የለውም።

ከዚህ ተነሥቶ ማየርስ ሙሉ ዕውቀታቸውን አላወጡም ማለት ስህተት ነው። የሚያውቁትን ሁሉ ለማውጣት ዓመታት ለፍተዋል። ችግሩ ያለው አንድ ሰው የሚያውቀውን ሲጠየቅ የሚናገረውና ሥራ ላይ ሆኖ የሚያደርገው አንድ ላይሆን መቻሉ ላይ ነው።

በዚያው ከተማ፣ ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤት በሆነው ካርኔጊ ሜለን፣ ኸርበርት ሳይመን በዚያን ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ በቼዝ ተጫዋቾች ላይ እየመረመሩ ነበር። ሳይመን በ1965 ማሽኖች በ20 ዓመት ውስጥ ሰው የሚሠራውን ማንኛውንም ሥራ መሥራት ይችላሉ ብለው የተነበዩ ሰው ናቸው። በ1973 ከዊልያም ቼይስ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለ5 ሴኮንድ ያሳዩና ከትዝታ እንዲደረደር ይጠይቃሉ። ሊቁ 16 ያህል ጠጠሮችን በቦታቸው ያኖራል፣ ጀማሪው 4 ያህል። ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት ተበትነው ሲቀርቡ ግን የሊቁ ብልጫ ከሞላ ጎደል ጠፋ። የማስታወስ ኃይሉ ከሌላው ሰው የተለየ አልነበረም። ሰሌዳውን ሲያይ የሚታየው ሌላ ነው፤ ጀማሪው ሃያ ጠጠር በሚያይበት ቦታ እሱ አራትና አምስት የሚታወቁ ሁኔታዎችን ያያል።

ሐኪሞች ላይ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በ1970ዎቹ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አርተር ኤልስታይንና ባልደረቦቹ፣ በሙያ ጓደኞቻቸው አንቱ የተባሉ ሐኪሞችን ከሌሎች ጋር አነጻጸሩ። አንድ ምስጢራዊ የማሰብ ዘዴ ይገኛል ተብሎ ነበር። አልተገኘም። ሁሉም ሕመምተኛው መናገር በጀመረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጥቂት ግምቶችን ይይዛሉ፣ ከዚያ ይፈትኗቸዋል። አንድ ሐኪም በአንድ ሕመም ላይ ጎበዝ ሆኖ በሌላው ላይ ሊሰንፍም ይችላል። ልዩነቱ በዘዴ ሳይሆን ያንን ዓይነት ሕመምተኛ ስንት ጊዜ አይቶ፣ ስንት ጊዜ ታርሞ ያውቃል በሚለው ላይ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በሆላንዷ ማስትሪክት ሄንክ ሽሚትና ኤልስ ቦስሃውዘን አንድ ያልተጠበቀ ነገር አዩ። የአንድን ሕመምተኛ ታሪክ አንብባችሁ የምታስታውሱትን ጻፉ ሲባል፣ ብዙ የጻፉት የበሰሉት ሐኪሞች አልነበሩም። ብዙ የጻፉት መካከል ላይ ያሉት፣ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡት ተማሪዎች ናቸው። ተማሪው የተማረው የሰውነት አሠራር ሁሉ ገና በዝርዝር አለ፤ ደረጃ በደረጃ ያብራራል። ሊቁ ጋ ያ ዝርዝር ሁሉ ተጠቅልሎ በአንድ ስም ውስጥ ገብቷል፣ ከስሙም ጋር ያየኋቸው ሰዎች የሚላቸው ፊቶች ተያይዘዋል። ይህ እውነት ከሆነ ሊቁን ቁጭ አድርጎ የምታውቀውን ንገረኝ ማለት ተማሪውን ከመጠየቅ ያነሰ ዝርዝር ሊያስገኝ ይችላል። ኢንተርኒስት-1 እንደ ሊቅ የተወጠነ፣ የተሠራው ግን እጅግ በተሟላ ተማሪ አምሳል ነው ብል ማየርስን ማሳነስ አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ ግን በፈተናው ውጤት ውስጥ የማይታይ አንድ ሰው አለ። ምልክቶቹን ለኮምፒውተሩ የሚጽፈው ማን ነው? «ጣፊያ አብጧል» የሚል መስመር ለመጻፍ አንድ ሰው እጁን ከሕመምተኛው ግራ ጎን፣ ከጎድን አጥንቶቹ በታች አኑሮ ተንፍስ ማለት አለበት። ሲተነፍስ ወደ ታች የሚወርደውን ጣፊያ ጣቱ መለየት አለበት። ጀማሪ ተማሪ እዚያ ምንም አይሰማውም። ወይም የሆድ ጡንቻ ነክቶ አገኘሁት ይላል። ካላ አዛርና ወባ ባሉባቸው ቆላማ አካባቢዎቻችን የሚሠራ ጤና ባለሙያ ይህን ያውቃል፤ በመጽሐፍ አንብቦት ሳይሆን አንድ ቀደም ያለ ሐኪም እጁን ይዞ ትክክለኛው ቦታ ላይ ስላሳረፈለት ነው። ያ ጣት ያልሰለጠነ እንደሆነ የ500 በሽታ ዕውቀት ከንቱ ይቀራል።

ቃሉም እንዲሁ ነው። አንዲት እናት «ኩላሊቴን ያመኛል» ብላ ብትመጣ፣ እዚህ ያደገ ሐኪም ወገቧን እንደምትል ይጠረጥራል፤ እጇን የት እንደምታሳርፍ ያያል እንጂ ኩላሊት ብሎ አይጽፍም። «ምች መታኝ» የሚል ሰው ትኩሳት ሊሆን ይችላል የሚለው፣ ከንፈር ላይ የወጣ ቁስልም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ንግግር ከ3,550ዎቹ ምልክቶች ወደ አንዱ መለወጥ ራሱ ምርመራ ነው፤ ከባዱ ምርመራ። ፕሮግራሙ ሥራውን የሚጀምረው ይህ ካለቀ በኋላ ነው። ከቦስተን የተወሰዱት 19 ታሪኮችም እንዲሁ ነበሩ፤ በሳል ሐኪሞች ጠይቀው፣ ዳስሰው፣ አስፈላጊውን መርጠው፣ የማይረባውን ጥለው የጻፏቸው። ለእኔ የኮምፒውተሩን 25 ነጥብ ከእነሱ ጋር ሳላካፍል መቁጠር ይከብደኛል።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን ቀድመው ነው የገባቸው። በ1990 ራንዶልፍ ሚለር ከፍሬድ ማሳሪ ጋር ሆኖ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሐኪሙ እንደ ጥንቱ የግሪክ ጠንቋይ ቤት ጥያቄውን አቅርቦ መልሱን ተቀብሎ የሚመለስበት አካሄድ ማብቃት አለበት አለ። ሕመምተኛውን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፤ ማሽኑ የሐኪሙን ትዝታ የሚያግዝ መሣሪያ ይሁን። የኢንተርኒስት-1 የዕውቀት ክምችትም በዚህ ሐሳብ ኪውኤምአር ወደተባለ፣ በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ወደሚሠራ ፕሮግራም ተዛውሮ ነበር። በ1994 እሱና ሌሎች ሦስት መሰል ፕሮግራሞች በ105 አስቸጋሪ ሕሙማን ታሪክ ተፈተኑ። ትክክለኛውን በሽታ በዝርዝራቸው ውስጥ ያካተቱት እንደየፕሮግራሙ ከ52 እስከ 71 በመቶ ለሚሆኑት ነው። በዚያ ላይ በአንድ ሕመምተኛ ሁለት ያህል፣ ሊቃውንቱ ያላሰቧቸውና ሲያዩአቸው ግን ተገቢ ናቸው ያሏቸውን በሽታዎች አስታውሰዋል። ጠንቋይነቱ ቀርቶ አስታዋሽ ሲሆን ጥቅሙ ታየ።

አሁን ያለንበት ዘመን ሌላ ነው ይባላል፤ በከፊል እውነት ነው። በ2023 ቦስተን ያሉ ሐኪሞች ጂፒቲ-4 ለተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከዚያው ከቆየው የማሳቹሴትስ ሆስፒታል መድረክ 70 ታሪኮችን ሰጡት። በ64 በመቶዎቹ ላይ ትክክለኛው በሽታ በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ፤ በ39 በመቶዎቹ ላይ አንደኛ አድርጎ አስቀምጦታል። ለዚህ ፕሮግራም ማንም ተማሪ ቁጥር አልጻፈለትም። የማየርስ ቡድን 15 የሰው ዓመት የፈጀበት ሥራ ከተጻፈ ነገር ብዛት በራሱ ተገኘ። ጊዜንና የአካል ጉርብትናንም ከሞላ ጎደል በቋንቋ በኩል ይዟቸዋል፤ ይህን አለመቀበል ግትርነት ነው። ፈተናው ግን ያው ፈተና ነው። ታሪኩን ጠይቆ፣ ዳስሶ፣ መርጦ የጻፈው አሁንም ሰው ነው።

የኢንተርኒስት-1 ዕጣ ፈንታ ግን እኔ ከምጠብቀው የተለየ ሆነ። ስለ ማሽኑ ብዙ ሲጻፍ፣ ዝርዝሮቹን ሲያዘጋጁ ስለነበሩት ተማሪዎች የተጻፈው ጥቂት ነው። አንድን በሽታ ለሳምንታት ሲያነቡ፣ ከማየርስ ፊት ቁጥራቸውን ይዘው ሲቆሙ፣ «ይህስ ለምን 4 ሆነ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ሲታረሙ የኖሩት እነሱ ናቸው። ኮምፒውተሩ የተሞላው የቆየውን የመምህርና የደቀ መዝሙር ሥርዓት በመከተል ነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ተማሪዎቹን ሐኪም አድርጓቸው ይሆናል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ክምችቱ ወደዚያው፣ ተማሪዎችን ወደ ማስተማር ተመለሰ። ፕሮግራሙ የያዛቸውን ቁጥሮች ተጠቅሞ፣ ያልነበሩ ግን እውነተኛ የሚመስሉ ሕሙማንን ይፈጥር ጀመር። ተማሪው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፣ ይጠይቃል፣ ምርመራ ያዛል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል። ጣፊያው ማበጡን ግን የሚያነበው ከስክሪኑ ላይ ነበር።